የወንጪ ሙሾ ጽሑፍ

ጡረተኛው የታሪክ መምህር ገብረአማኑኤል፣ አምቦ ቤታቸው መስኮት ሥር ከወንበራቸው ላይ ሞተው የተገኙት በ1972 ዓ.ም. የካቲት፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ነው። መነጽራቸውን አድርገዋል፤ የጥንት ግብፆችን ባህል የሚያጠና የፈረንሳይኛ ጆርናል ጭናቸው ላይ ተቀምጧል። ላያቸው ሰው እያነበቡ እንቅልፍ የጣላቸው ይመስላሉ። ሐኪሙ ግን አፋቸው ውስጥ የትራስ ጥጥ አገኘ። ታፍነው ነው የሞቱት።

መቶ አለቃ ቀንዓ ሲደርስ የቀበሌ ጥበቃዎች ጎረቤታቸውን ነጋዴውን ደሊልን አስረውት ነበር። ባለፈው ሳምንት በአጥር ድንበር ከመምህሩ ጋር ተጣልቷል፤ ረቡዕ ዕለት ጆርናሉን ከፖስታ ቤት ያመጣላቸውም እሱ ነው። ለእርቅ ብሎ እንዳመጣውና ሰጥቶ እንደወጣ ተናገረ። ስድስት ልጆቹ አጥሩን ተደግፈው ያዩታል።

የቀድሞ ተማሪያቸው ንዋይ ግን ቃሉን ሳይጠየቅ ሰጠ። እሱም መምህር ነው። የግብፆችን ለቅሶ ከወንጪ ሙሾ ጋር ያነጻጸረ ጽሑፍ በዚያው ጆርናል ላይ በስሙ ወጥቶለት፣ በዚሁ ጽሑፍ ፓሪስ የትምህርት ዕድል አግኝቶ፣ ለመሄድ አራት ቀን ቀርቶታል።

«ትናንት ማታ ጽሑፌን ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብለው አነበቡልኝ» አለ። «ስወጣ ደሊል ተመልሶ ወደ ግቢው ሲገባ አየሁት።»

ቀንዓ ጆርናሉን ሲያገላብጥ ብዙ ቆየ። ከዚያ መምህሩ ያሳደጓትን አሰፋሽን ለብቻዋ አነጋግሮ፣ የመምህሩን ሳጥን አስከፈተ።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰባቸው። ጆርናሉን ለንዋይ አቀብሎ፣ መምህሩ እንዳነበቡት እንዲያነብላቸው ጠየቀው። ንዋይ ገለጠና እጁ ቆመ። የጽሑፉ ገጾች ከነእጥፋታቸው፣ ጠርዝ ለጠርዝ እንደተያያዙ ነበሩ።

«ይህ ጆርናል የገጾቹ እጥፋት ሳይቆረጥ ነው የሚመጣው፤ አንባቢው ራሱ በቢላ ይከፍተዋል» አለ ቀንዓ። «ለአንተ የጆርናሉ አዘጋጆች የላኩልህ ቅጂ ተቆርጦ ስለመጣ ይህን አላወቅህም። መምህሩ አላነበቡልህም። የኋላ ሽፋኑ ላይ ያለውን ማውጫ ግን አይተዋል፤ ስምህን በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበታል።»

ቀጥሎ ከሳጥኑ የወጣውን የዚያኑ ጽሑፍ ረቂቅ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ሙሉው በመምህሩ እጅ የተጻፈ ነው።

«ወንጪ በፈረስ ሄደው የአልቃሾቹን ቃል ሲጽፉ ከኦሮምኛ ያስተረጎምኩላቸው እኔ ነኝ» አለች አሰፋሽ፣ ንዋይን ሳታይ። «እሱ በታይፕ መታላቸው እንጂ ወንጪን አያውቃትም።»

ቀንዓ ነገሩን አሳጠረው። ደሊል ከወጣ በኋላ መምህሩ ንዋይን አስጠርተዋል፤ እሱም ስርቆቱ እንዳይወጣበት በትራስ አፈናቸው። ንዋይ ጆርናሉን ያልሸሸገው ስሙ ያለበት ስለሆነ ነው፤ ያነበበው ሁሉ የክብሬ ምስክር ይሆነኛል ብሎ።

የደሊል እጅ ተፈታ። ከልጆቹ አንዷ ሮጣ መጥታ እግሩን አቀፈችው።

ንዋይ ማንም ሳይጠይቀው ተናገረ።

«አልተቆጡኝም። ‹ለአዘጋጆቹ ራስህ ጽፈህ አስተካክል፤ እኔ ለማንም ትንፍሽ አልልም› አሉኝ። ወረቀትም አቀረቡልኝ። ስሜን ሰርዤ የእሳቸውን መጻፍ አቃተኝ።»