የተዘቀዘቀው ቦይ

ኢንስፔክተሯ ደረጃውን ወጥታ ሳትጨርስ ደሟ ፈልቷል። የኢንሳይክሎፒዲያው ዋና አዘጋጅ በር ላይ ጠብቆ፣ ፈርሞ ያዘጋጀውን ክስ እንደ ሠርግ ጥሪ እየዘረጋላት «ነገሩ ያለቀለት ነው፤ ገዳይዋ ተለይታለች» ብሏት ነበርና።

«እኔ ገና ሟቹን አላየሁም» አለችው፤ ወረቀቱን ሳትቀበለው አልፋው ገባች።

ሟቹ የኢንሳይክሎፒዲያው ገምጋሚ የነበሩ ሽማግሌ ናቸው። ሌላው የጻፈውን አንብበው፣ ስሕተቱን ነቅሰው፣ «ይታተም» ወይም «አይታተም» የሚሉ ሰው ነበሩ። አሁን ከጠረጴዛቸው ሥር በደረታቸው ተደፍተዋል። ማጅራታቸውን የመታው ከባድ የነሐስ ወረቀት መጫኛ ተወልውሎ ቦታው ተመልሷል። ከፊት ለፊታቸው፣ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ላይ፣ የሚገመግሙት ጽሑፍ የሚያወሳው የቦይ ሥዕል ቆሟል። ከታች ጠቆር ያለ ጠባብ መሬት፣ በላዩ የቤቶች ረድፍ፣ ከዚያ ሰፊ ግራጫ ሰማይ ይታያል። ግድግዳዎቹ በጭጋግ ውስጥ የሚንቀጠቀጡ ይመስላሉ። ደስ የሚል ሥዕል ነው ብላ አሰበች።

ሬሳው ሲነሳ ከደረታቸው ሥር የወርቅ ቅብ ያለው ስብርባሪ እንጨት ተገኘ። ኢንስፔክተሯ የሥዕሉን ፍሬም ዞራ አየችው፤ አንድ ጥጉ ተሸርፏል። ስብርባሪውን ብትገጥመው ልክክ አለ።

«ሥዕሉን የነካ ሰው አለ?»

«ኧረ ማንም!» አለ ፖሊሱ። «ያገኘቻቸው የጽዳት ሠራተኛ ከደጃፉ አይታ ነው እየጮኸች የሮጠችው።»

ዋና አዘጋጁም ደም ማየት አልችልም ብሎ ጀርባውን ሰጥቶ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል። እዚያው አናገረችው።

«ትናንት ሥራ ሲያበቃ ማን ማን ነበራችሁ?»

«ሟቹ፣ የሠዓሊው ልጅ፣ ጽሑፉን የጻፉት ሊቅና እኔ። ሊቁ ታች ቤተ መጻሕፍት ነበሩ። ዘበኛው ሌላ ሰው አላስገባም። ልጅቷ ገምጋሚው ከጽሑፉ ጋር እንዲያስተያዩት የአባቷን ሥዕል አምጥታ፣ ሁለታችን ተጋግዘን ማቆሚያው ላይ አደረግነው። እኔ ወረድኩ። ከዚያ ጩኸቷን ሰማሁ፤ ‹አባቴን ዕውር ያለ እጁ ይቆረጥ!› ስትል።»

«አባቷን ዕውር ያሉት ሟቹ ናቸው?»

«አይደሉም፣ በጽሑፋቸው ያሉት ሊቁ ናቸው። እሷ ግን ማን እንደጻፈው አታውቅም። ጸሐፊና ገምጋሚም አይተዋወቁም፤ የቤታችን ደንብ ነው።»

ሊቁ ታች ቤተ መጻሕፍት ውስጥ እግራቸውን አነባብረው ተቀምጠዋል። ስለዚህ ሠዓሊ የቦይ ሥዕሎች በየመድረኩ ሲናገሩ የኖሩ፣ «የቦዩ አባት» እየተባሉ የሚሞካሹ ሰው ናቸው። እውነተኛው የቦዩ አባት፣ ሠዓሊው፣ እንዲህ ተብሎ ተጠርቶ አያውቅም።

«ሟቹን ያውቋቸዋል?»

«በጭራሽ! ክፍላቸውንም ረግጬው አላውቅ። ረግጬ ከሆነ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!»

«የሠዓሊው ዓይን ደክሞ ነበር ብለው ጽፈዋል።»

«ልብ ብሎ ላየው ግልጽ ነው። ቤቶቹ ሁሉ ይንቀጠቀጣሉ። ጤነኛ ዓይን እንዲህ ያለ ግድግዳ አያይም።»

ኢንስፔክተሯ ክርክሩን ትታ ወደ ፎቅ ተመለሰች። እሷም ግድግዳዎቹ ሲንቀጠቀጡ አይታለችና።

የሠዓሊው ልጅ ፎቅ ላይ፣ በሁለት ፖሊሶች መካከል ቆማ፣ ዓይኗ በርበሬ መስሏል።

«ጮኸሻል ይባላል።»

«አዎ ጮኼያለሁ! አሁንም እጮኻለሁ! ግን በጋሼ ላይ አይደለም። እሳቸውማ ‹አይዞሽ ልጄ፣ ይኼ እንዲህ ሆኖ አይታተምም› ብለው ሸኙኝ። አሁን እኔ ከታሰርኩ፣ እሳቸውም ከሞቱ፣ አባቴ ዕውር ተብሎ ለልጅ ልጅ ሊቀር ነው። ማን ይከራከርለታል?»

«ነይ፣ ክፍሉን አሳዪኝ።»

ልጅቷ ደጃፉን እንዳለፈች ደርቃ ቀረች።

«አባቴን ማን ነው የዘቀዘቀው?»

«እንዴት ማለትሽ ነው?»

ሮጣ ሥዕሉን ከማቆሚያው አነሳችና ገለበጠችው። ጠባቡ መሬት ወደ ላይ ወጣ፤ የቦዩ ዳርቻ ነው። ከሥሩ ቤቶቹ በአናታቸው ተዘቅዝቀው ውሃው ላይ ተኙ። ጭጋግ የሚባል ነገር አልነበረም። ከዳርቻው በታች ያለው ሁሉ ውሃ ነው፤ ግድግዳውን የሚያንቀጠቅጠውም የውሃው ሞገድ ነው። አባትየው ቤቶቹን ትቶ ነጸብራቃቸውን ነበር የሣለው።

ኢንስፔክተሯ አልጋ ላይ ተኝቶ የማያውቅ ሰው ስለ ፍራሽ ሲያስተምራት የዋለ ይመስል ንዴቷ እንደገና አናቷ ላይ ወጣ። «እንዲሁ እንዳለ ተዪው» አለቻት። «ቃል ሳይወጣሽ ተቀመጪ።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልለምናችሁ። እዚህ ቤት ውስጥ ከቦታው የተዛነፈ ነገር ያየ ያስተካክልልኝ።»

ዋና አዘጋጁ ዙሪያውን ቃኝቶ ትከሻውን ሰበቀ። ሊቁ ግን ሳቁ።

«ምን ዓይነት ሰዎች ናችሁ! ሥዕሉን ዘቅዝቃችሁ ነው እንዴ ያቆማችሁት?» አሉና ራሳቸው ተነስተው ገለበጡት። ቤቶቹ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ «ሰማዩ» ከላይ ሆነ።

ልጅቷ ልትነሳ ስትል ኢንስፔክተሯ ትከሻዋን ያዘቻት።

«አመሰግናለሁ። ይህን ሲያደርጉ ሁለተኛዎ ነው» አለች። «የፍሬሙ ስብርባሪ ከሟቹ ደረት ሥር ነበር። ስለዚህ በትግሉ መጀመሪያ ሥዕሉ ወደቀ፣ ከዚያ እሳቸው ላዩ ላይ ተደፉ። የሞተ ሰው ሥዕል አያነሳም። ያነሳው ገዳዩ ነው፤ ትግል እንዳልነበረ ለማስመሰል መጫኛውን ወልውሎ፣ ሥዕሉን መልሶ አቆመው፤ ግን ገልብጦ! ልጅቷ የአባቷን ሥዕል አትገለብጥም። ዋና አዘጋጁም በገዛ እጁ በትክክል አቁሞታል። ቤቶቹ ቀጥ ብለው መቆም አለባቸው ብሎ የሚያምን አንድ ሰው ቀረ። ስለ ቦዩ ሥዕሎች ዕድሜውን ሙሉ ሲያወራ ኖሮ አንዱንም በዓይኑ ያላየ ሰው።»

የሊቁ እጅ ፍሬሙ ላይ እንዳለ ቀረ።

«የድሮው ካታሎግ...» አሉ። «የድሮው ካታሎግ ላይ ሥዕሉ እንዲህ ነው የታተመው።»

«ክፍላቸውን አልረገጥኩም ብለው ነበር።»

«ጸሐፊው እኔ መሆኔን ገምተው፣ ደንቡን ጥሰው ቤተ መጻሕፍት ድረስ ወርደው ጠሩኝ! ‹ወዳጄ፣ አንዴ በዓይንዎ ይዩትና ራስዎ ያርሙት፤ ለማንም ትንፍሽ አልልም› አሉኝ።» ድምፃቸው እየጋለ መጣ። «አዘኑልኝ! ለእኔ! ቢሰድቡኝ እችለው ነበር። ያን የሐዘኔታ አስተያየታቸውን ግን...»

«ደግ ስለሆኑ ገደልካቸው» አለች ኢንስፔክተሯ፤ አንቱታው ከአፏ ወደቀ። «ውሰዱልኝ።»

ፖሊሶቹ ሲያወጧቸው ማንም ወደ በሩ አልዞረም። ልጅቷ ሥዕሉን አቅንታ አቧራውን በእጅጌዋ ጠረገች።

ኢንስፔክተሯ ግን አልበረደላትም። ወደ ዋና አዘጋጁ ዞረች። «ሥዕሉን በእጅዎ አቁመዋል፤ ውሃ መሆኑንም አይተዋል። የሠዓሊው ዓይን ደክሞ ነበር የሚለውን ጽሑፍ ደግሞ ግምገማው ሳያልቅ ለማተሚያ ቤት ፈርመውለታል። ለመሆኑ አንብበውታል?»

ዋና አዘጋጁ ጉሮሮውን ጠረገ። «መቼም... ሥራው ብዙ ነው። ጊዜ አልነበረኝም።»

የሠዓሊው ልጅ ቀና ብላ አየችው።

«የእኔን ክስ ለመፈረም ግን ጊዜ ነበረህ» አለችው።