ከሩዝ ጣሳው የጠፋው ዲስክ

ምክትል ኢንስፔክተር ማክዳ ማስታወሻ አትይዝም። ድምፅም አትቀዳም። «የእኔ ሚሞሪ እዚህ ነው» ትላለች፣ ግንባሯን በሌባ ጣቷ መታ መታ እያደረገች። «አይሞላም፣ ቫይረስ አይገባው፣ ባትሪ አይጨርስ!» በጣቢያው ይህን ፉከራ ያልሰማ ቢኖር ግቢው ውስጥ የታሰረው ፍየል ነው፤ እሱም ቢሆን እንዳልሰማ ሆኖ እንጂ ሰምቷል።

እሁድ ጠዋት ግን ለፉከራም አልተመቻትም። ቅዳሜ ከሰዓት፣ ያ ሁሉ ዶፍ መውረድ ሲጀምር፣ እናቷ ወይዘሮ እሙዬ ከመቲ ከተማ ደውለው «መቼ ነው የምታገቢው?» ሲሏት «እማዬ፣ ሥራ ላይ ነኝ» አለች። ስልኩ ጥርቅም! እናቷ ጆሮዋ ላይ ዘጉባት። ሌሊቱን ስትገላበጥ አደረች፤ «እኔም አልደውልም» ብላም ማለች።

በዚህ ስሜት ላይ ሳለች ነው ሳኒ እያለከለከ የገባው። ሳኒ ከባሮ ወንዝ ድልድይ ወረድ ብሎ ሲሚንቶና ቆርቆሮ ይሸጣል፤ ከሱቁ ጎን ያለችውን ክፍልም ያከራያል።

«ኢንስፔክተር፣ ነይ ቶሎ! ተከራዬን፣ መምህር ረታን ገደሏቸው!»

ማክዳ ቆቧን አጥልቃ ወጣች። ሳጅን ኮንግ ተከተላት፤ ረጅም፣ ዝምተኛ፣ ጡረታው የተቃረበ ሰው ነው። ስልኩን በደረት ኪሱ ይዞ የሚሰማውን ሁሉ ይቀዳል። ማክዳ በዚህ ስትስቅበት ኖራለች።

መምህር ረታ ወለሉ ላይ በግንባራቸው ተደፍተዋል። አጠገባቸው ያ ለኮምፒውተር መብራቱን የሚያስተካክለው ከባድ ስታቢላይዘር ወድቋል፤ ጠርዙ ላይ ደም ደርቆበታል። ከተማው ቅዳሜ በዶፉ መብራት ከጠፋበት ገና አላገገመም። እዚህች ክፍል ግን ጣሪያው ላይ ሶላር ስላለ የዋይፋይዋ ሳጥን ግድግዳው ላይ አረንጓዴ ትብለጨለጫለች። ጠረጴዛው ሥር ትልቅ የወተት ጣሳ ተገልብጦ ሩዝ ወለሉን ሞልቶታል።

«ቢሮ ውስጥ ሩዝ ይቀቅሉ ነበር እንዴ?» አለች ማክዳ።

«ኧረ ለዲስኩ ነው!» አለ ሳኒ። «ከነገመዱ ሩዝ ውስጥ ይቀብሩታል፤ እርጥበት እንዳይበላው። ስድስት ዓመት የለፉበት ተረት ሁሉ እሱ ላይ ነው ያለው።»

ጣሳው ውስጥ ከሩዝ በቀር ምንም የለም።

«ቅዳሜ ምን አየህ? ምን ሰማህ?»

«ረዳታቸው ኛሊየፕና እሳቸው ሲጨቃጨቁ ሰማሁ። ዝናቡ ሳይጀምር በሩን በርግዳ ወጥታ ሄደች። ዝናቡ ጀመር ሲያደርግ መምህሩ በመስኮት ብቅ ብለው 'ሳኒ፣ ሲሚንቶህን ሸፍን!' አሉኝ። ነፍሳቸውን ይማር፣ ለእኔ ሲሚንቶ እንኳ ያስቡ ነበር። ከዚያ ዶፉ ሲመጣ መብራት ጠፋ፣ የስልኩም ኔትወርክ ጠፋ፤ ደንበኛዬ በስልክ ሊከፍለኝ ሲል እምቢ ብሎት ሲሚንቶውን ጥሎልኝ...»

«ስለ ሲሚንቶህ አልጠየቅኩህም!» አቋረጠችው ማክዳ።

ሳኒ ተኮሳተረ። ኮንግ ስልኩን በኪሱ ውስጥ ትንሽ ከፍ አደረገው።

ኛሊየፕ መጣች። ሠላሳ ያልሞላት ተርጓሚ ናት። ከመምህሩ ጋር መንደር ለመንደር እየዞረች የሽማግሌዎችን ተረት በድምፅ ስትሰበስብ፣ ለልጆች ማንበቢያ እንዲሆን ወደ አማርኛ ስትመልስ ኖራለች። በሩ ላይ ቆማ አስከሬኑን አየች፤ ከዚያ ጣሳውን።

«ዲስኩስ?» አለች።

ማክዳ ቅንድቧን ሰቀለች። «ሰው ሞቶ ስለ ዲስክ ትጠይቂያለሽ?»

«አባቴ እዚያ ውስጥ ነው።» ኛሊየፕ ወደ ጣሳው ጠቆመች። «ባለፈው በጋ ሞተ። ድምፁ ሌላ ቦታ የለም። መምህሩን ስንት ጊዜ ለመንኳቸው! 'ክላውድ ላይም እናስቀምጠው' እላለሁ፤ እሳቸው 'እጄ የማይነካውን አላምንም፣ ነገ ኢንተርኔት ሲዘጋ ከሰማይ ልታወርጂው ነው?' ይላሉ። 'ባሮ ሞልቶ ቢገባስ? እሳት ቢነሳስ?' ስላቸው 'ሩዙ አለ' ይላሉ! ቅዳሜም የተጣላነው በዚሁ ነው።»

«ከዚያ የት ሄድሽ?»

«ቤቴ። ብቻዬን ነበርኩ።»

የተረት መሰብሰቡ ፕሮጀክት አስተባባሪ ኤልናታን የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ላፕቶፑ በትከሻው። መሐረብ አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ፤ ዓይኑ ግን ደረቅ ነበር።

«እኔ ኒውላንድ ሰፈር፣ ቤቴ ነበርኩ፣ ኢንስፔክተር። እርስዎ ይመልከቱት፣ ማስረጃ አለኝ። መምህሩ ዓርብ ዕለት ልባቸው ራርቶ ቅጂውን በፍላሽ ሰጡኝ። እኔም ቅዳሜ ዶፉ ሲወርድ በስልኬ ዳታ ክላውድ ላይ ስጭን ዋልኩ።» ስክሪኑን አዞረላት። ፋይሎቹ በዶፉ ሰዓት አንድ በአንድ መግባታቸው በግልጽ ይታያል። «ሰው ይዋሻል፣ ክላውድ አይዋሽም። ሥራው በእኔ ምክንያት ተርፏል።»

ኛሊየፕ እጆቿን ዘረጋች። «አለ? አባቴ አለ? አሰማኝ!»

«በምርመራ ላይ ያለ ነገር አይከፈትም» አለና ላፕቶፑን ከደነው።

ማክዳ ለማሰብ ጊዜ አልፈጀባትም። ያጣላ ነገር አለ፤ ከጸብ በኋላ የሞተ ሰው አለ፤ ከአስከሬኑ ይልቅ ጣሳውን ያየች ሴት አለች። ኛሊየፕን በካቴና ይዛት ሄደች።

«ዶፉ ሲያባራ ከዚያ ቢሮ ስትወጪ ሳኒ አይቶሻል!» አለቻት ጣቢያ ውስጥ።

«አላየኝም! ሳይጀምር ነው የወጣሁት!»

«እኔ የሰማሁት አይጠፋብኝም፣ እህቴ። ሁሉም እዚህ ነው።» ግንባሯን መታ መታ አደረገች።

ሰኞ ማለዳ ግን እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም፤ ማክዳ በጣቢያው በረንዳ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ሙቀቱ ገና በጠዋቱ ሸሚዟን ጀርባዋ ላይ አጣብቆታል። አንድ ነገር ይከነክናታል፤ ምን እንደሆነ አታውቅም። ስልኳ ጮኸ። ወይዘሮ እሙዬ ናቸው።

«አንቺ ልጅ፣ ጆሮዬ ላይ ትዘጊያለሽ? ያሳደግኩሽ በዚህ ነው?»

«እኔ? እማዬ፣ አንቺ አይደለሽ እንዴ የዘጋሽው?»

«ምን አባቴ ልዝጋ! ቅዳሜ እኮ የእናንተ ከተማ ኔትወርክ ድርግም ብሎ እስከ አመሻሽ ስሞክር ነበር! ጎረቤትም ሞከረልኝ!»

ማክዳ ባለችበት ቆመች። «እማዬ፣ እወድሻለሁ» አለችና ስልኩን ጆሯቸው ላይ ዘጋችው። በዚህ ጊዜ እውነትም ዘጋችው።

«ሳጅን! የሳኒን ቃል ቀድተሃል?»

ኮንግ ስልኩን አውጥቶ ነካው። የሳኒ ድምፅ መጣ፦ «...ዝናቡ ሳይጀምር በሩን በርግዳ ወጥታ ሄደች...» የማክዳ ፊት ደም ለበሰ። ቀጠለ፦ «...መብራት ጠፋ፣ የስልኩም ኔትወርክ ጠፋ...» ከዚያ የራሷ ድምፅ፦ «ስለ ሲሚንቶህ አልጠየቅኩህም!»

«ይህን ትናንት ለምን አልነገርከኝም?»

«ሁሉም እዚህ ነው አልሽ» አለ ኮንግ፣ ረጋ ብሎ ግንባሩን እየነካ። «እኔ ደግሞ በዚያ ውስጥ ያለውን አላውቅም።»

ከአንድ ሰዓት በኋላ ሁሉም እዚያችው ክፍል ተሰበሰቡ። ሳኒ በሩ ላይ ቆሟል፤ ኛሊየፕ ካቴናዋ እጇ ላይ እንዳለ ጥግ ይዛለች፤ ኤልናታን ሰዓቱን አሥሬ ያያል።

«ኢንስፔክተር፣ ዛሬ ወደ አዲስ አበባ በረራ አለኝ።»

«ቁጭ በል፣ ብዙ አንቆይም።» ማክዳ ከወዲህ ወዲያ መራመድ ጀመረች። «አንደኛ፣ መምህሩ ዝናቡ ሲጀምር በሕይወት ነበሩ፤ ሳኒን በመስኮት አናግረውታል። ኛሊየፕ ከዚያ በፊት ሄዳለች። ይህን... ይህን እኔ አጥፍቼዋለሁ። ሳጅን፣ ፍታላት።»

ካቴናው ተከፈተ። ኛሊየፕ አንጓዋን አሻሸች።

«ሁለተኛ፣ ኤልናታን በዶፉ ሰዓት በስልክ ዳታ ሲጭን እንደዋለ ነግሮናል። ሳኒ፣ በዶፉ ሰዓት ደንበኛህ በስልክ ከፈለህ?»

«የት አባቱ ይከፍላል! ኔትወርክ የሚባል ነገር አልነበረም። መብራትም። ስለ ሲሚንቶው ስነግርሽ አይደል ያቋረጥሽኝ!»

«እናቴም እስከ አመሻሽ ሞክራ አልገባላትም። ከተማው በሙሉ ጨለማ ነበር። ታዲያ እነዚያ ፋይሎች በምን ገቡ?» ጣቷን ወደ ግድግዳው ቀሰረች። አረንጓዴዋ ትብለጨለጫለች። «በዚህች! በገመድ መስመር የምትሠራ፣ በሶላር የምትኖር። በዚያ ሰዓት በዚህ ሰፈር ኢንተርኔት የነበረው፣ መምህሩ በሞቱበት ክፍል ውስጥ ነው።»

ኤልናታን ሳቅ ለማለት ሞከረ። «የእኔ ስልክ ላይ ይሠራ ነበር።»

«አይሠራም ነበር። አንተ ግን መጥፋቱን አላወቅህም። መምህሩን መትተህ ዲስኩን ከጣሳው ስታወጣ ዶፉ አገደህ። ቁጭ ብለህ ቅጂውን በራስህ ስም ጫንክ፤ ባለቤቱ አንተ ነህ ይላል፣ ትናንት ራስህ አሳየኸኝ። ይህች ክፍል በርታ ስለነበር ከተማው ሁሉ የበራ መሰለህ። ስትወጣ ደግሞ ኔትወርኩ ተመልሷል። ያድነኛል ብለህ ያሳየኸን ሰዓት እዚህ ያስቀምጥሃል።»

«ዲስኩ እኔ ጋ የለም። ፈትሹ!»

«ባሮ ጋ ነው፤ እዚያ ወርውረኸዋል። ሳጅን፣ ቦርሳውን።»

ኮንግ ከላፕቶፑ ቦርሳ አጭር ጥቁር ገመድ አወጣ። ሳኒ አንገቱን አስግጎ «ያው የመምህሩ ገመድ!» አለ። ኮንግ የገመዱን ጫፍ መዳፉ ላይ ቀስ ብሎ መታ። አንድ የሩዝ ፍሬ ወደቀች።

«ዲስኩን ጥለህ ገመዱን ታስቀራለህ?» ሳኒ ማመን አቃተው።

«እዚህ አገር ደህና ገመድ የት ይገኛል!» አለ ኤልናታን፤ ከአፉ ካመለጠው በኋላ ነው የገባው። ፊቱን በእጆቹ ሸፈነ። «የተረቱን ስብስብ ለማስተርስ ዲግሪዬ የእኔ ሥራ ብዬ አስገብቼዋለሁ... መምህሩ ሲያውቁ 'ዲስኩ ላይ ባለው ድምፅ አጋልጥሃለሁ' አሉኝ። ለመግደል አልመጣሁም። ወንበር ላይ ሆነው ጀርባቸውን ሲሰጡኝ...»

ኮንግ ካቴናውን አስገባለት። ከመውጣቱ በፊት ኛሊየፕ ፊቱ ቆመች።

«ፓስወርዱን።»

ዓይኗን ማየት አልቻለም። ነገራት።

ላፕቶፑ ተከፈተ። ኛሊየፕ ወደ ታች፣ ወደ ታች እያለች ፈለገች፤ አንዱን ነካች። ጭረት ተሰማ፣ የዶሮ ጩኸት፣ ሳል። ከዚያ አንድ ሽማግሌ በኑዌርኛ መናገር ጀመሩ፤ መሃል ላይ በራሳቸው ተረት ቀድመው ሳቁ። ኮንግም ሳቀ፤ ቋንቋው ስለሆነ ገብቶታል። ኛሊየፕ አፏን በነጠላዋ ይዛ አለቀሰች።

ማክዳ ደረቷ መሙላት ጀመረ። ቆቧን አስተካክላ ፈገግ አለች። «ብያችሁ የለ? ዲስክ ቢጠፋ፣ ክላውድ ቢዋሽ፣ የሚያድነው ይኸው ነው።» ጣቷ ወደ ግንባሯ ሄደ። «ሁሉም እዚህ...»

ኛሊየፕ እንባዋን ጠርጋ ቀና አለች።

«ያ ጭንቅላትሽ አንዴ አሳስሮኛል፣ ኢንስፔክተር። የአባቴንም ድምፅ አያሰማኝም። ይልቅ ስልክሽን አምጪ፤ ይህ ኔትወርክ ሳይጠፋ አንድ ቅጂ ላስቀምጥበት።»