የተፋጠነው ምርቃት

በጉ ከሚኒባሱ ጣሪያ ላይ ለሦስተኛ ጊዜ ሲወድቅ፣ ከፊት የተደረደሩት ሕፃናት እንኳ አልሳቁም። ቡሩላይ ፈንዲሻዋን ማኘክ አቁማ ዙሪያዋን ቃኘች። ግማሹ ተመልካች ስልኩ ላይ አቀርቅሯል፤ ከኋላ አንድ ሰውዬ ያንኮራፋል። በዋና ከተማዋ በቢሽኬክ ስንት የተወራለት አዲሱ አስቂኝ ፊልም ይኸው ነበር።

ፊልሙ «ሰባት ሰው፣ አንድ መኪና» ይባላል። አንድ የከተማ ቤተሰብ በአሮጌ ሚኒባስ ተጠቅጥቆ ወደ ኢሲክ ኩል ሐይቅ ይጓዛል። አማት ምራቷን ትነዘንዛለች፣ አባት መንገድ ይጠፋዋል፣ ወፍራሙ አጎት ያገኘውን ሁሉ ይጎርሳል። ሙዚቃው ቀድሞ ሳቁ፣ ሳቁ ይላል፤ ቀልዱ ግን የውሃ ሽታ ሆኖ ይቀራል።

«ለዚህ ነው እንዴ ሳምንቱን ሙሉ ስትለፈልፊ የከረምሽው?» አለች የአክስቷ ልጅ አይፔሪ። የቡሩላይ እኩያ ናት፤ ከተማ ተወልዳ ስላደገች ግን ታላቅ ነኝ ባይ ናት። «አቦ ደበረኝ። አያታችን ፊልሙ ላይ መቼ ነው የሚመጡት?»

«ቆይ፣ ይመጣሉ።»

መምጣቱንስ መጡ። ሚኒባሱ የኮረብታውን ጥግ ሲዞር የቡሩላይ መንደር ታየ፤ የራሳቸው ግቢ፣ የራሳቸው ሰማያዊ በር። አያቷ ቶክቶሱን ነጩን ረጅም የካልፓክ ቆባቸውን ደፍተው ከገበታው ራስ ተቀምጠዋል፤ ለምርቃት ሁለት መዳፋቸውን ዘርግተዋል። የቡሩላይ ልብ ዘለለ። አያቷ አፋቸውን ከፈቱና የወጣው የጫጩት ድምፅ ሆነ።

ምስሉ ሆን ተብሎ ተፋጥኗል። ጢማቸው እንደ ፍየል ጢም ይርገበገባል፣ ከንፈራቸው ይንቀጠቀጣል፣ ድምፃቸው ጭው ጭው ይላል። ከስክሪኑ ጥግ የሰዓት ቆጣሪ ይሽከረከራል። አማት አንቀላፍታ ሾርባው ውስጥ ልትደፋ ነው። ወፍራሙ አጎት ደግሞ ከተዘረጉት መዳፎች ሥር እጁን አሾልኮ ሥጋ ይሰርቃል። ሽማግሌው ግን አላበቁም፤ ጭው ጭው፣ ጭው ጭው።

አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ያንኮራፋ የነበረው ሰውዬ ነቅቶ ወንበሩን እየደበደበ ይስቃል። ያ ሁሉ ገንዘብ የፈሰሰበት ፊልም ያገኘው አንድ እውነተኛ ሳቅ ይህ ነበር። አይፔሪ እንባዋን እየጠረገች ወደ ቡሩላይ ዞረች፤ ፊቷን ልታይ። ቡሩላይም ሳቀች። ጥርሷን አሳይታ፣ ትከሻዋን ነቅንቃ፣ ከሰው እኩል ሳቀች። ፈንዲሻው አፏ ውስጥ አሸዋ ሆነባት።

* * *

የፊልሙን ሰዎች ወደዚያ ግቢ ያመጣቻቸው ራሷ ነበረች።

በበጋው፣ መንገድ ዳር እንጆሪ ስትሸጥ መኪኖቹ ቆሙ። ዳይሬክተሩ ሜደር ጥቁር መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወረደ። «እቱ፣ እዚህ ሰፈር ጢሙ የሚያምር ሽማግሌ ይገኛል?» አላት።

«አያቴ አሉ» አለች። ማንም ሳይቀድማት ለመመለስ ቸኩላ ነበር።

አያቷ እሺ አላሉም። «በስተርጅና አጫዋች ልሁን? ሂጂ ወዲያ!»

«ሞስኮም ይታያል ብለዋል፣ አባባ። አባዬ ሊያየው ይችላል እኮ።»

አባቷ እናቷ በሞተች በዓመቱ ለግንባታ ሥራ ሞስኮ ሄዶ ነበር። መጀመሪያ በየሳምንቱ ይደውላል፤ ቀጥሎ በየወሩ፤ ከዚያ ሁለት ክረምት አለፈ፣ ድምፁ የለም። አያቷ የልጃቸው ነገር ሲነሳ ወደ በረቱ ገቡና ለእንግዶቹ የሚታረድ በግ መረጡ።

በእነሱ ቤት እህል የቀመሰ እንግዳ ሳይመረቅ አይወጣም። ሜደር የፈለገው ሁለት ቃል ነበር፤ «ደኅና ግቡ ይበሉና ይበቃል፣ አባቴ» ብሏቸው ነበር። እሳቸው ግን ምርቃትን ማስመሰል አያውቁበትም። በአንድ እጅ አይመረቅምና ዱላቸውን ከጎናቸው መሬት ላይ አጋደሙ። ሁለት መዳፋቸውን ዘረጉ። ካሜራውን ረሱት።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ያሰባችሁት ይግባላችሁ። የሄደ ይመለስ፣ የጠፋ ይገኝ። መንገድ የወሰደብንን መንገድ ይመልስልን።» ድምፃቸው እዚህ ላይ ተሰበረ። ከመንገደኞቹ አልፈው ሩቅ ተመለከቱ። «ልጄ፣ በሩን አልዘጋሁትም።»

ያን ጊዜ ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ ነበር፤ ወፍራሙ ተዋናይ ሳይቀር፤ ስርቆቱን ለብቻው ቀርጸው በኋላ የቀጠሉት ነው። «አሚን» ብለው ፊታቸውን ዳበሱ። የካሜራው ሴትዮ አፍንጫዋን ስትጠርግ ቡሩላይ በዓይኗ አይታለች።

«አባቴ፣ አንዴ ይድገሙልን። የጭነት መኪና አለፈብን» አለ ሜደር።

«ምርቃት አይደገምም፣ ልጄ» አሉ አያቷ ዱላቸውን እያነሱ። «የመጀመሪያው አልደረሰም ማለት ይሆናል።»

* * *

ወደ መንደሯ በሚመልሳት ሚኒባስ ውስጥ ቡሩላይ ለአያቷ የምትለውን መንገዱን ሙሉ ስትለማመድ መጣች። ቆርጠውታል እላለሁ። የለም፣ ቅዳሜ በመንደራችን ባህል አዳራሽ ሲታይ ጉዴ ይፈላል። እውነቱን እነግራቸዋለሁ። እውነቱ ምን ተብሎ ይነገራል?

አያቷ መኪና ማቆሚያው ጋ ቆመው ይጠብቋት ነበር። ገና እግሯ መሬት ሳይረግጥ «አየሽኝ?» አሏት።

«አየሁዎት።»

«ታዲያስ?»

«ጥሩ ነው፣ አባባ። ያምራል።»

«ሁሉንም አስገቡት? ያቺን የመጨረሻዋንም?»

«አስገቧት» አለች ቡሩላይ። ይህ እንኳ ሐሰት አልነበረም፤ የከፋውም እሱ ነው።

ከዚያ በኋላ አያቷን የሚይዛቸው ጠፋ። ለወትሮው ከበር የማይርቁት ሰውዬ ዱላቸውን ይዘው ቤት ለቤት እየዞሩ ሰው ጠሩ። የባህል አዳራሹ ኃላፊ ኩባት ጎረቤታቸው ነው፤ ፊልሙን ወደ መንደሩ ያስመጣውም «የኛ ሰው አለበት» ብሎ ነው። ማስታወቂያውን ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሲለጥፍ አያቷ አጠገቡ ቆመው «በስተግራ ትንሽ ተጣምሟል» እያሉ ያርሙት ነበር። ቡሩላይ ይህን ሁሉ ከዳቦ ቤቱ ውስጥ ሆና አየች፤ ዳቦውን ገዝታ በጓሮ በር ወጣች።

ማታውን አያቷ ከሥራ ልብሳቸው አፈር አራግፈው አጠገቧ ተቀመጡ።

«ያን ማስታወቂያ በስልክሽ ለአባትሽ ላኪለት። አባትህ አለበት፣ እይ በዪው።»

«አባባ፣ ቁጥሩ እኮ…»

«ላኪለት አልኩሽ።»

ላከችው። እንደ ሌሎቹ መልእክቶች ሁሉ ከሥሩ አንድ ጭረት ብቻ ወጣ፤ መድረሱን የሚያሳየው ሁለተኛው አልመጣም። ሌላ ጊዜ ሁለተኛውን ጭረት ስትጠብቅ እንቅልፍ እምቢ ይላት ነበር። ዛሬ ግን እንዳይደርስ ለመነች። እንዲህ ብላ በመለመኗ ራሷን ጠላችው።

ዓርብ ትምህርት ቤት ሳለች አይፔሪ ደወለች። «ስሚ፣ ያቺን ቦታ ቆርጠው ኢንተርኔት ላይ ለቀዋታል፤ ክፍሌ ሁሉ ሙድ እየያዘባት ነው። አያቴ ናቸው ስላቸው ማንም አላመነኝም! ንገሪያቸው እስቲ፣ ታዋቂ ሆነዋል በያቸው።»

«አይፔሪ፣ ምን እያሉ እንደነበር ታውቂያለሽ?»

«ማን ይሰማዋል? ጭው ጭው ነው የሚለው።»

ቡሩላይ ስልኩን ዘጋችው።

* * *

ቅዳሜ አያቷ ካልፓካቸውን በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው፣ የሰርግ ኮታቸውን ለብሰው ወጡ። መንገዱ ላይ ሰው ሁሉ ሰላም ይላቸዋል፤ «ዛሬማ የእርስዎ ቀን ነው!» ይላቸዋል። እሳቸው በትሕትና አንገታቸውን ቢሰብሩም ፊታቸው ያበራል። አዳራሹ ሊደርሱ ጥቂት ሲቀራቸው ቡሩላይ ቆመች።

«አባባ፣ አንዴ ይቁሙ።»

«ምነው? ብርድ ነው? ቆብሽን ረሳሽ?»

«ዋሽቻለሁ። ፊልሙ አያምርም።» ትንፋሿ እያጠራት ቀጠለች። «እርስዎ ሲመርቁ አፋጥነውታል። ድምፅዎን የጫጩት አድርገውታል። ያ ወፍራሙ ከሥርዎ ሥጋ ይሰርቃል። ሰው ይስቃል፣ አባባ። በዚያ ፊልም የሚስቁት እሱ ላይ ብቻ ነው።»

አያቷ ዱላቸውን መሬት ላይ አንዴ፣ ሁለቴ ወጉ።

«የመጨረሻዋንም?»

«እሷ ላይ ነው ይበልጥ የሚስቁት።»

«አንቺስ?»

እንዲህ ብለው እንደሚጠይቋት አላሰበችም ነበር። አይፔሪ እያየችኝ ነበር ልትል ትችላለች። ሁሉም ሲስቅ ብቻዬን ምን ልሁን ልትል ትችላለች።

«ሳቅኩ» አለች።

አያቷ ራሳቸውን ነቀነቁ። አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት በተሻላት ነበር። ፊታቸው ላይ የነበረው ብርሃን ቀስ ብሎ ሲጠፋ ቆማ አየችው።

«እንግዶች ነበሩ እኮ» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን ለራሳቸው። «ከቤቴ በልተዋል።»

«እንመለስ፣ አባባ። አሞዎታል እላቸዋለሁ።»

«ሰው ጠርቻለሁ። ጠርቶ መቅረት ነውር ነው።» ካልፓካቸውን አስተካከሉና ቀድመዋት ሄዱ።

ኩባት ከፊት ረድፍ መሃል ላይ ቦታ ይዞላቸው ነበር፤ የአያቷን ወንበር በምንጣፍ ሸፍኖታል። መብራቱ ጠፋ። በጉ ወደቀ፣ አማት ነዘነዘች፣ አባት መንገድ ጠፋው። መንደርተኛው ለጨዋነት ያህል ፈገግ ይላል። ከዚያ ሰማያዊው በር ሲታይ አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። «ያውና ቶክቶሱን! ያውና!» ተባለ። ቡሩላይ ወደ ጎኗ ለማየት አልደፈረችም።

ጫጩቱ መንጫጫት ጀመረ። ጭብጨባው ተንጠልጥሎ ቀረና፣ አንድ ልጅ ኪኪኪ አለ፣ ቀጥሎ ሁለት፣ ቀጥሎ ሁሉም። «የኛ ሰው አለበት» ብሎ ፊልሙን ያስመጣው ኩባት ጭኑን እየመታ «ኧረ ገደሉን! ኧረ ቶክቶሱን!» ይላል። ክፋት የለበትም፤ እንዲሁ ይስቃል። አያቷ ሁለት እጃቸውን ዱላቸው ላይ ደራርበው ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል።

ቡሩላይ መዳፎቿን ዘረጋች።

«መንገዱን ጨርቅ ያድርግላችሁ» አለች። በሹክሹክታ አልነበረም። አያቷ በዚያን ቀን እንዳሉት ቀስ ብላ፣ እያንዳንዱን ቃል ለየብቻው እያስቀመጠች አለችው። «ያሰባችሁት ይግባላችሁ።» ስክሪኑ ላይ ምርቃቱ አልቆ ሚኒባሱ አቧራውን እያስነሳ ሄደ። እሷ ገና ነበረች። «የሄደ ይመለስ፣ የጠፋ ይገኝ።» ከኋላዋ አንዱ «ይቺ ደሞ ምን ሆነች?» አለ። ኩባት እጁ ጭኑ ላይ እንዳለ ዞሮ አያት፤ ከሷ ወደ ሽማግሌው ተመለከተ፤ ሳቁ አፉ ላይ ቀረ። «መንገድ የወሰደብንን መንገድ ይመልስልን።» በጉ እንደገና ወደቀ፣ ሕፃናቱ ሳቁ። እሷ አላቋረጠችም።

የመጨረሻዋ ቀረች። እሷን ለማለት ትንፋሿን ስትሰበስብ፣ በጨለማው ውስጥ ከጎኗ፣ የአያቷ ዱላ፣ እንደዚያን ቀን፣ ወለሉ ላይ ሲጋደም ሰማች።