የአምስት ቀን ሶሌታ

ኢንጂነር አምሐ የሞተው ቤቴል ውስጥ፣ በወይዘሮ ሰርኬ ግንባታ ላይ፣ ከተሞላ አምስት ቀን ብቻ የሆነው የበረንዳ ሶሌታ፣ ማለትም የኮንክሪቱ ጣሪያ፣ ተንዶበት ነው። መርማሪዋ ኢንስፔክተር የኔነሽ ስትደርስ ሠፈሩ ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል፤ ሰውየውን የገደለው የራሱ ጠጠር ነው ይባላል። አምሐ የወይዘሮዋን አሮጌ ቤት ፍርስራሽ አስፈጭቶ በአዲስ ጠጠር ፋንታ ያስገባ ሰው ነበር።

የኔነሽ ግን ፋይሉን ለመዝጋት አልቸኮለችም። አለቃዋ አደጋ ነውና ዝጊው እያለ ሁለቴ ደውሎላታል።

ሶሌታው ሲናድ ግቢው አካባቢ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ወይዘሮ ሰርኬ ቆርቆሮ ቤቱ ውስጥ እንደነበረች፣ ስለ ግንባታም የምታውቀው እንደሌለ ተናገረች። በአምሐ ምክንያት መኪናዎቹ የተመለሱበት የጠጠር ነጋዴው ባጫ ሟቹንም የተፈጨ ጠጠሩንም ሲሰድብ ቆይቶ፣ ከበሩ ግን አላለፍኩም አለ። ፎርማኑ መሸሻ ጓሮ ነበርኩ አላት።

«ሶሌታውን ከሥር የያዙት ድጋፎችስ?»

«ጠዋት አንድ በአንድ ነካክቼ አይቻለሁ፤ ስምንቱም ቆመው ነበር። ጠጠሩ ፍርፋሪ ከሆነ ድጋፍ ምን ያደርጋል?»

የኔነሽ ፍርስራሹን አስነሣች። ለድጋፍ የቆሙት ስምንት የባሕር ዛፍ ግንዶች ወጡ። አንዱም አልተሰበረም። ሰባቱ ጎን ለጎን ተጋድመዋል፤ ስምንተኛው ግርጌው ላይ ገመድ የላጠው ምልክት አለው። የምድር ቤቱ ምሰሶዎች ላይ ደግሞ ቀይ ክቦች ተሥለዋል። ወይዘሮ ሰርኬን ስትጠይቃት፣ አምሐ ሰኞ በስቶ ሊያስመረምራቸው እንደነበር ነገረቻት። ምሰሶዎቹን መሸሻ በአዲስ ጠጠር የሞላቸው አምሐ ከመቀጠሩ በፊት ነው።

የኔነሽ ከሶሌታውም ከምሰሶዎቹም ናሙና ለምርመራ ልካ፣ ሦስት ቀን እንቅልፍ አጥታ ሰነበተች። በአራተኛው ቀን ሁሉንም ግቢው ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«የተፈጨ ጠጠር አሮጌ ሲሚንቶ ስለተጣበቀበት ውኃ ይመጥጣል። አምሐ ይህን ስለሚያውቅ አስቀድሞ በውኃ አርሶታል። የሶሌታው ናሙና በዕድሜው የሚጠበቅበትን ክብደት ተሸክሟል። ነገር ግን የአምስት ቀን በረንዳ፣ ጠጠሩ አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ያለ ድጋፍ አይቆምም።»

ሶሌታው ድጋፎቹ ላይ ወድቆ ቢሆን ይሰባበሩ እንደነበር አስረዳች። ሰባቱ ቀድመው ወርደዋል፤ አምሐ ከሥር ሲቆም የመጨረሻው በገመድ ተስቧል።

ባጫ ላቡን ጠረገ። የኔነሽ ግን ወደ መሸሻ ዞረች።

«አቶ ባጫ ጠጠሩን ሰደቡት እንጂ ስለ ድጋፎቹ ትንፍሽ አላሉም። ቆመው ነበር ያሉት እርስዎ ብቻ ነዎት። ጥፋቱ የጠጠሩ እንዲሆን ድጋፎቹ ቆመው መገኘት ነበረባቸው። የምሰሶዎችዎ ጥንካሬ ደግሞ ከሚፈለገው ግማሽ እንኳ አይሞላም። ሲሚንቶ ቀንሰዋል፤ ሰኞ ሊታወቅብዎት ነበር።»

«የኔ ምሰሶ መቶ ዓመት ይቆማል» አለ መሸሻ።

«እንግዲያው ይግቡና ከሥሩ ይቁሙ። እዚያ ሆነው ይንገሩን።»

መሸሻ ምሰሶዎቹን አያቸው። እግሩ አልተነሣም።

«አልገባም» አለ በመጨረሻ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

ፖሊሶቹ ይዘውት ሲወጡ ወይዘሮ ሰርኬ የተፈጨው ጠጠር ክምር ላይ ተቀመጠች። ምሰሶዎቹ በሙሉ መፍረስ እንዳለባቸው ስትሰማ እንባዋ መጣ። ቆይታ ግን በረንዳው በዚያው በአምሐ ጠጠር፣ እሱ እንዳደረገው በውኃ ርሶ፣ እንደገና እንዲሞላ አዘዘች።

የኔነሽ ለአለቃዋ አልደወለችም። ታክሲ ይዛ ኮልፌ፣ የአምሐ ሚስት ፋሲካ ወደተቀመጠችበት ድንኳን ሄደች። ለቀስተኛው ሁሉ ባልሽን ሥራው ገደለው እያለ ሲያንሾካሹክ ሰንብቷልና፣ እውነቱን ፋሲካ ጆሮ ላይ ብቻ ልትነግራት አልፈለገችም። መሐል ድንኳኑ ላይ ቆማ፣ ሰው ሁሉ እንዲሰማ ተናገረች።