ሉባባና ዝም ያለው እንግዳ

ሉባባ አምስት ዓመቷ ነው። ኮምቦልቻ ውስጥ፣ ሰማያዊ በር ባለው ቤት፣ ከእናቷ ከሞሚናና ከአባቷ ከከማል ጋር ትኖራለች።

የእናቷ ሆድ በጣም ትልቅ ነው። እንደ ዱባ ክብ ነው፤ ውስጡ ያለው ግን ዱባ አይደለም፣ ሕፃን ነው።

ሕፃኑ ወንድ ይሁን ሴት ገና አልታወቀም። ስለዚህ አባቷ «እንግዳው» ይለዋል።

ጠዋት ጠዋት ሉባባ የእናቷን ሆድ በአንድ ጣቷ ቀስ አድርጋ ታንኳኳለች።

«ኳ! ኳ! እንግዳው፣ አለህ?»

እንግዳውም ከውስጥ ሆኖ በእግሩ ይመልስላታል። «ድም!»

ሉባባ በሳቅ ትፈርሳለች።

አንድ ቀን እናቷ በረንዳው ላይ ቁጭ ብላ፣ «በለስ አማረኝ» አለች። «ቀዝቃዛ፣ ጣፋጭ በለስ።»

ጎረቤታቸው እትዬ ዘሃራ ልብስ እያሰጡ ነበር። «ኧረ ፈልጉላት» አሉ። «ነፍሰ ጡር ያማራትን ካላገኘች ሕፃኑ ላይ ምልክት ይወጣበታል።»

እትዬ ዘሃራ ይህን ብለው ልብሳቸውን ማስጣት ቀጠሉ። ሉባባን ግን ሆዷን ባር ባር አላት።

«ምልክቱ የት ላይ ነው የሚወጣው? አፍንጫው ላይ? ያመው ይሆን?» ብላ አሰበች። ማንንም ግን አልጠየቀችም።

ትንሿን ዘንቢል አንጠልጥላ ከቤታቸው ጀርባ ወዳለው የቁልቋል አጥር ሄደች። ወደ ላይ አየች። ወደ ታች አየች።

እሾህ አለ። በለስ ግን የለም።

ደጃፋቸው ላይ ፍራፍሬ ወደሚሸጡት ወደ ጋሽ ይመር ሄደች። «ጋሽ ይመር፣ በለስ አለ?»

«የለም፣ ልጄ። በለስ የክረምት ነው፤ አሁን በጋ ነው። ሙዝ ልስጥሽ?»

«ሙዝ አይሆንም» አለች ሉባባ። ሆዷን ባር ባር አላት።

ባጃጁን ወደሚያጥበው አባቷ ሄደች። «አባ፣ ባጃጅህ ውስጥ በለስ አለ?»

አባቷ ጎንበስ ብሎ ወንበሩ ሥር አየ። «አቧራ ነው ያለው» አላት። «በለስ የለም።»

ሉባባ ባዶ ዘንቢሏን ይዛ ወደ ቤት ገባች። ሆዷን ባር ባር፣ ባር ባር አላት።

እናቷ አልጋ ላይ ጋደም ብላለች። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች። ፈገግ አላለችም።

ሉባባ ጠጋ ብላ አንኳኳች። «ኳ! ኳ! እንግዳው፣ አለህ?»

ዝም።

ሉባባ ጠበቀች። እንደገናም በሁለት ጣቷ አንኳኳች። «ኳ! ኳ! እንግዳው፣ አለህ?»

ዝም።

 የሉባባ እንባ ዱብ ዱብ አለ።

«እማ፣ በእኔ ነው» አለች። «በለሱን ፈልጌ አጣሁት። እንግዳው ተቆጥቶ ነው ዝም ያለው። ምልክትም ሊወጣበት ነው።»

እናቷ ሳብ አድርጋ አቀፈቻት። «ይህን ሁሉ ብቻሽን ይዘሽ ነው የዋልሽው?»

«አዎ።»

እናቷ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችላት። «እኔም አንድ ነገር ልንገርሽ» አለቻት። «እንግዳው ዛሬ እንደ ወትሮው አልተንቀሳቀሰም። እኔንም ሆዴን ባር ባር ብሎኛል።»

ሉባባ ቀና አለች። «ትልቅ ሰውንም ባር ባር ይለዋል?»

«ይለዋል እንጂ።»

«ታዲያ ምን ያደርጋል?»

«የሚያውቅ ሰው ጋ ሄዶ ይጠይቃል» አለች እናቷ። ከዚያም ጫማዋን ፈለገች።

ጥርርርር... ጥርርርር... አባቷ ባጃጁን አስነሳ። ጉድጓድ ሲያይ ቀስ። ድንጋይ ሲያይ ቀስ።

ጤና ጣቢያው ደረሱ። እዚያ ነጭ ጋዋን የለበሰች አዋላጅ አለች። ስሟ ሲስተር ትብለጥ ነው።

እናቷ የሆነውን ነገረቻት። ሲስተር ትብለጥ በጥሞና ሰማቻት።

«እንኳን መጣችሁ» አለች። «ሕፃን እንቅስቃሴው ሲቀንስ ቤት ቁጭ ብሎ መጠበቅ አያስፈልግም። ነይ፣ በግራ ጎንሽ ተኚልኝ።»

ሆዷ ላይ የሚያንሸራትት ቀዝቃዛ ነገር ቀባቻት። ትንሽ መሣሪያም አስቀመጠችበት።

ሽሽሽሽሽ... አለ መሣሪያው። ሌላ ነገር አይሰማም።

አባቷ ኮፍያውን በሁለት እጁ ጨበጠ። ሉባባ ትንፋሿን ያዘች።

ሲስተር ትብለጥ መሣሪያውን ትንሽ ወደ ታች ገፋ አደረገችው።

ሽሽሽ... ድብ ድብ ድብ ድብ ድብ!

«ፈረስ ነው?» አለች ሉባባ።

«የሕፃኑ ልብ ነው» አለች ሲስተር ትብለጥ።

«ለምን ይሮጣል? ፈርቶ ነው?»

«አልፈራም። የሕፃን ልብ እንዲህ ነው፤ ከእኔና ካንቺ ልብ ይፈጥናል። ጥሩ አድርጎ ነው የሚመታው።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ አባቷ። እናቷ ዓይኗ እንባ ሞላ፤ ፊቷ ግን ይስቃል።

«እስቲ አሁን ጥሪው» አለች ሲስተር ትብለጥ።

ሉባባ በእግሯ ጣቶች ቆማ አንኳኳች። «ኳ! ኳ! እንግዳው፣ አለህ?»

አንድም ድምፅ የለም። ከዚያ...

«ድም!»

መሣሪያው የእናቷ ሆድ ላይ ዘለል አለ። ሉባባም ዘለለች።

ሲስተር ትብለጥ ግን አልቸኮለችም። የእናቷን የደም ግፊት ለካች። ቆይታ ልቡን ደግማ አዳመጠች። እንግዳውም ደጋግሞ ድም፣ ድም አለ።

«ተኝቶ ነበር፤ ነቅቷል» አለች። «ሁሉም ደህና ነው። ሌላስ ያስጨነቃችሁ ነገር አለ? ዛሬ አውጡት።»

ሉባባ እንደ ትምህርት ቤት እጇን አወጣች። «እማ በለስ አምሯት አላገኘችም። እንግዳው ላይ ምልክት ይወጣበታል?»

ሲስተር ትብለጥ ኮሌታዋን ዝቅ አደረገች። አንገቷ ላይ ቡናማ ምልክት አለ፤ ትንሽ ቅጠል ይመስላል።

«እናቴ እኔን ስታረግዝ ያማራትን ሁሉ በልታለች» አለች። «አባቴ ዛፍ ላይ ሳይቀር እየወጣ ያመጣላት ነበር። ምልክቱ ግን ይኸው፣ ወጣ።»

«ያምዎታል?»

«ምንም አያመኝም። ከአምሮት ጋርም አይገናኝም። እንዲያው ይወጣል፤ ማንም አላጠፋም።»

ሉባባ ምልክቱን በጣቷ ነካችው። ለስላሳ ነው። የሉባባ ሆድ ባር ባር ማለቱን ተወ።

«እኔ ደግሞ መውለዱን እፈራለሁ» አለች እናቷ ቀስ ብላ።

ሲስተር ትብለጥ እጇን ያዘቻት። «የማይፈራ የለም፣ ሞሚና። ግን ብቻሽን አይደለሽም። ያን ቀን ከጎንሽ ሆነን እናግዝሻለን።»

አባቷ ጭንቅላቱን አከከ። «እኔ ደግሞ... ያን ቀን ባጃጁ አልነሳም ቢለኝስ?»

ሁሉም ሳቁ። አባቷም ሳቀ።

«አምቡላንስ አለ» አለችው ሲስተር ትብለጥ። «ስልኩን ዛሬውኑ ያዝ። ለጎረቤትም ንገር፤ የሚያግዝህ ሰው አይጠፋም።»

ጥርርርር... ወደ ቤት ተመለሱ። እናቷ መንገዱን ሁሉ ታንጎራጉር ነበር።

እራት በሉ። ሉባባ እግሯን ታጠበች፤ ፒጃማዋንም ለበሰች። ግን አልተኛችም።

«እማ» አለች በሩ ላይ ቆማ። «አንድ ጭንቀት ቀርቶኛል።»

«ንገሪኝ።»

«እንግዳው ሲመጣ እኔን ማን ያቅፈኛል?»

እናቷ በግራ ጎኗ ተኝታ ነበር። ብርድ ልብሱን ከፍ አደረገችላት። «ነይ፣ እዚህ ግቢ።»

ሉባባ ገባች። ጀርባዋን የእናቷ ሆድ ላይ አስደገፈች። የእናቷ ክንድ መጥቶ ጥብቅ አድርጎ አቀፋት።

ሞቃት ነው። ጸጥ ያለ ነው። ሉባባ ዓይኗ ሊከደን ሲል...

«ድም!»

«እማ፣ ጀርባዬን መታኝ።»

«አልመታሽም» አለ አባቷ ከአልጋው ወዲያ በኩል። «ጠጋ በይልኝ እያለሽ ነው።»

ሉባባ ትንሽ አሰበች።

ከዚያ ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ጠጋ አለችለትና ተኛች።