መጋዛችን ሲጠፋ የሚነሳው መጋዝ

ማመን ያቃተው ይተወው። እኔ ግን እዚያው ተንበርክኬ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። ጨለማ የለም፣ ጭጋግ የለም። ፊንላንድ ውስጥ፣ ካይኑ በሚባለው የጫካ አገራችን የኅዳር የመጀመሪያ በረዶ መሬቱን ሸፍኖታል።

አውሎ ነፋስ ጫካችንን ገነዳድሶት ነበር። እኔና ታላቅ ወንድሜ ታውኖ የወደቀውን በሞተር መጋዝ እየቆረጥን መንገድ ለመክፈት ወጣን። ስልክ አይሠራም። ጎረቤት የለንም።

ቤንዚን ልንሞላ መጋዙን አጠፋን። ሞልተን ክዳኑን እንደዘጋን አንድ የጥድ ግንድ ተንከባሎ ታውኖን ጭኑ ላይ ተጫነው።

የመጋዙን ማስነሻ ገመድ ሳብኩ...

ዝም።

የዚህ መጋዝ አመል ነው። ጠዋት ቀዝቅዞ እያለ ወዲያው ይነሳል። ከጋለ በኋላ ካጠፉት ግን አሻፈረኝ ይላል።

ደግሜ ሳብኩ። ዝም።

ያኔ ከጫካው ውስጥ ሌላ መጋዝ ተነሳ።

ሰው መጣልን ብዬ ተጣራሁ። መጋዙ ብቻ ይቆርጣል... ይቆርጣል...

አንድም ዛፍ ሲወድቅ ግን አልሰማሁም።

ጆሮዬን ሰጠሁት። እንደ ጉንፋናም ሰው ሁለቴ ይስላል፣ ከዚያ ረጅም ጩኸት... የኛው መጋዝ ድምፅ ነው። የኛው መጋዝ ደግሞ ጠፍቶ እጄ ላይ አለ።

እየቀረበ ነው።

«ሄሌቪ... ሂጂ» አለኝ ታውኖ በሹክሹክታ።

«የት?»

«ወደ ቤት። ሩጪ።»

«አብረን ወጥተናል፣ አብረን ነው የምንገባው።»

እሳት የሚሰጠውን ካንዴላ ፈታሁ። ደረቅ ነው። ብልጭታም አለው። እንግዲያው ቤንዚኑ ነው የማይደርሰው።

የአየር ማስገቢያውን ወንፊት አየሁ። ሰጋቱራና ሙጫ ተጋግሮበታል። ሞተሩ ታፍኖ ግሏል፤ ቤንዚኑ መንገድ ላይ እየተነነ ይቀራል።

በቢላዬ ፋቅኩት። የቤንዚኑን ክዳን ሳላላው የታፈነው ትነት ፍስስ... ብሎ ወጣ።

«ከኋላሽ ነው» አለ ታውኖ። ዓይኑን ጨፍኗል።

ትኩስ ጭስ ሸተተኝ። ማጅራቴ ላይ ሰጋቱራ ሲርከፈከፍ ተሰማኝ...

አልዞርኩም።

«ይምጣ» አልኩ ጮክ ብዬ። «እኔ ሥራ ላይ ነኝ።»

ክዳኑን ዘጋሁ። ካንዴላውን መለስኩ። ባለኝ ጉልበት ሁሉ ሳብኩ...

አንዴ አስነጠሰ።

ደግሜ ሳብኩ። ተነሳ።

የኛው ሲነሳ ያኛው ጠፋ።

ግንዱን ቆርጬ ታውኖን አወጣሁት። በረዶው ላይ እየጎተትኩ ቤት አደረስኩት። እግሩ ድኗል፣ ትንሽ ያነክሳል እንጂ። ያን ዕለት ማታ ግን ጫካውን እንሽጠው ብሎ ለመነኝ። እምቢ አልኩ። አባታችን በእጁ የተከለውን ጫካ፣ ፊቱን ለማላውቀው ነገር አልለቅም።

በማግስቱ ያንኑ መጋዝ ይዤ ብቻዬን ተመለስኩ።

በረዶው ላይ ከኛ ዱካ ሌላ ዱካ የለም።

ትንፋሼን ልሰብስብ ብዬ አንድ የቆመ ጥድ ተደገፍኩ... ጉቶው ላይ ተንሸራተተ።

ከሥሩ ሙሉ በሙሉ ተቆርጧል። ግን ቆሟል።

ቀጥሎ ያለውም። ከሱ ቀጥሎ ያለውም። ከጫካው ሆድ ጀምሮ እኔ እስከተንበረከክኩበት ድረስ፣ በአንድ መስመር ተቆርጠው... ሁሉም ቆመዋል።

የመጨረሻው፣ ትናንት ከጀርባዬ የነበረው፣ እስከ ግማሹ ብቻ ነው የተቆረጠው።

ከቁርጡ ውስጥ ገና ጭስ ይወጣል።