ሁለተኛው ጉዳት

በየማለዳው አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሐዋሳ መኪናዎች ሰው ሳይነካቸው ከየግቢው ይወጣሉ። የሚነዳቸው መሪው ነው፤ መሪው ከሰማይ የሚላክ፣ ተሽከርካሪን ሁሉ የሚያዝ ምልክት ነው። በባንቺአምላክ ግቢ ግን አንድ ቀይ ዶቅዶቄ ከቆመበት አይነቃነቅም። የተሠራው መሪው ከመምጣቱ በፊት ስለሆነ ትእዛዝ አይሰማም።

ቅዳሜ ጠዋት ባንቺአምላክ አጠገቡ ተንበርክካ ብሎኖቹን ቆጠረች። ጨርሳ እንደገና ጀመረች።

"እማ፣ የትናንትናዎቹ ናቸው፤ ሌሊት አልወለዱም" አለች ልጇ ማስተዋል፣ ደጃፍ ላይ ቆማ ጥርሷን እየፋቀች።

"አንዱ ላልቶ ቢሆንስ?"

"እዚህ የደረስነው አንዱ በጣም ጠብቆ አይደል?"

ባንቺአምላክ እጇን ከብሎኖቹ ላይ አነሣች። እውነት ነው።

ማስተዋል ነርስ ናት። ሰኞ ጠዋት አርቤጎና ተራሮች ውስጥ ወዳለ ጤና ኬላ የኩፍኝ ክትባት ታደርሳለች። መሪው እዚያ አይደርስም፤ ሰዉ አካባቢውን "ጥላው" ይለዋል። የከተማ መኪና ጥላው ጫፍ ሲደርስ ቀጥ ይላል። ከዚያ ወዲያ በእግር አንድ ሙሉ ቀን ያስኬዳል፤ ክትባቱ ደግሞ በበረዶ ሳጥኑ ውስጥ ሳይበላሽ የሚቆየው ለግማሽ ቀን ብቻ ነው። ስለዚህ እናትና ልጅ የሟቹን አባወራ የሽብሩን ዶቅዶቄ ከጓሮ አውጥተው ሦስት ወር ሲጠግኑ ከረሙ። ሰንሰለቱን ከተዘጋ ወፍጮ ቤት አገኙ። ጎማውን ከሻሸመኔ አሮጌ ተራ፣ የፊት መብራቱን ደግሞ የአበባ ማሰሮ አድርጎት ከነበረ ጎረቤት ለምነው ወሰዱ።

ሐሙስ ዕለት ሁሉም ተሟላ። ያን ዕለት ባንቺአምላክ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለችውን ትንሽ የነሐስ ብሎን "ለማንኛውም" ብላ አንድ ዙር ጨመረችባት። የብሎኗ ጥርስ ተበላ። ብሎኗ መሐሏ ቀዳዳ ናት፤ ነዳጁ ተለክቶ ወደ ሞተሩ የሚያልፈው በዚያች ቀዳዳ ነው።

ዓርብን ምትክ ስትፈልግ ዋለች። ተመሳሳዩን ዶቅዶቄ ያገኘችው ሙዚየም ውስጥ፣ መስታወት ውስጥ ተቆልፎበት ነበር፤ ጥበቃው እስክትወጣ ድረስ ዓይኑን ከእሷ ላይ አልነቀለም። በመጨረሻ ወደ አዋላጁ ሄደች። አዋላጅ ማለት የተሰበረ ዕቃ ሲሰጡት አንብቦ አዲስ የሚሠራ፣ አሮጌውን ደግሞ አቅልጦ የሚውጥ መሣሪያ ነው። ሠራተኛው ዱካሞ ብሎኗን ትሪው ላይ አስቀመጠላት። መስኮቱ ላይ ጽሑፍ መጣ፤

*ሁለት ጉዳት ተገኝቷል። ሁለቱም ታርመዋል።*

"እኔ የጎዳሁት አንዱን ነው። ሁለተኛው ምንድን ነው?"

"እርጅና ይሆናላ፣ እትዬ። እኛንም ቢያነበን ስንት ያወጣብን ነበር" አለ ዱካሞ።

አዲሷ ብሎን እያብረቀረቀች ወጣች።

"አሮጌዋን ስጠኝ።"

"አሮጌዋ የእሱ ናት፤ ይበላታል።"

"ዕቃ ሲቀየር አሮጌውን ተቀብሎ ነው የሚሄዱት። ጋራዥ ሁሉ እንደዚያ ነበር። አለዚያ መቀየሩን በምን አውቃለሁ?"

"አዲሷ እጅዎ ላይ አይደለች እንዴ?"

"ስጠኝ፣ ዱካሞ።"

ዱካሞ ሳቀና ከአዋላጁ አፍ በወረንጦ መዞ አወጣላት። ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጠረቻት።

ቅዳሜ ብሎኖቹ ተቆጥረው ካለቁ በኋላ ሞተሩ በመጀመሪያው ምት ተነሣ። ማስተዋል ወደ ታቦር ተራራ ዳገት ነዳችው። ገና መሐሉ ሳትደርስ ተንተባተበና ጠፋ። ባለበት ቆሞ በደንብ ይሠራል፤ ነዳጅ ሲሰጡት ይሞታል። ሦስት ጊዜ ሞከሩ፤ ሦስቱንም ጊዜ እየገፉ መለሱት።

እሑድ ዱካሞ ራሱ መጥቶ አየው።

"ብሎኗ ምንም አይወጣላትም። ከፋብሪካ እንደወጣችው ናት።"

"ታዲያ ምን ሆኖ ነው?"

"እንጃ፣ እትዬ። አርጅቶ ይሆናል።"

ማስተዋል የመንጃ መነጽሯን ከራሷ አወለቀች። "በቃ፣ ለሚመጣው ወር ያስተላልፉት" ብላ ወደ ቤት ገባች። እስከሚመጣው ወር ስንት ልጅ እንደሚታመም አልተናገረችም። ሁለቱም ያውቁታል።

ባንቺአምላክ ግቢው ውስጥ ብቻዋን ቀረች። ደረቷ ቀለል አላት፤ ቀለል ስላላትም አፈረች። እጇ የሚይዘው ነገር ሲያጣ ነጠላዋን ፈታች። አሮጌዋን ብሎን አወጣች፤ አዲሷንም ፈትታ ሁለቱን ወደ ፀሐይ አነሣቻቸው።

በአዲሷ ቀዳዳ የገባው ብርሃን እንደ መርፌ ጫፍ ነበር። የአሮጌዋ ሰፋ ይላል፤ ክብም አይደለም፣ ወደ አንድ ጎን ጋደል ብሏል።

ያኔ ትዝ አላት። ቤንዚን ከገበያ በጠፋበት ዓመት ሽብሩ ዶቅዶቄውን ከሸንኮራ አገዳ በሚወጣ አልኮል መንዳት ጀመረ፤ ዛሬም የሚሞሉለት ያንኑ ነው። አንድ እሑድ ቀኑን ሙሉ በረንዳው ላይ ተቀምጦ አንዲት ትንሽ ነገር ሲፍቅ ዋለ። የጆንያ መርፌዋን አዶልዱሞባት ተቆጥታው ነበር። "አልኮሉ ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ብዙ ካላሳለፍኩለት ዳገት አይወጣም" ነበር ያላት። አዋላጁ ሁለተኛ ጉዳት ብሎ ያረመው ያንን እሑድ ነው።

ግቢውን ቃኘች። ያየ የለም። መልሳ ብትቋጥራት ልጇ እዚሁ ትቀራለች። ያ ጠመዝማዛ መንገድ፣ ጭቃው፣ መልእክት የማያሳልፈው ጥላ፣ ሁሉም ይቀራል። ቋጠረቻት። ግቢውን አንዴ ዞረች፤ ደግማ ዞረች። በመስኮቱ በኩል ማስተዋልን አየቻት። የክትባት ሳጥኑን ጠረጴዛ ላይ አድርጋ ትወለውላለች። ሳጥኑ ንጹሕ ነው። ወልውላ ጨርሳ እንደገና ጀመረች።

ባንቺአምላክ ቋጠሮውን ፈታች።

"ማስተዋል፣ የጆንያ መርፌውን አምጪልኝ።"

አዲሷን ብሎን በጨርቅ ይዘው መርፌውን ቀዳዳዋ ውስጥ ማሽከርከር ጀመሩ። ትንሽ ፍቀው ከአሮጌዋ ጋር በፀሐይ ያስተያያሉ፤ ገጥመው ያስነሣሉ፤ መልሰው ይፈታሉ። ሲያጠብቋት ባንቺአምላክ እጇን ወደ ኋላ አድርጋ ለልጇ ተወችላት። አሥር ሰዓት ላይ ማስተዋል የታቦርን ዳገት መውጣት ጀመረች። እናቷ ከታች ቆማ ሰማች። ድምፁ ቀጠነ፣ ራቀ፤ ግን አልተቋረጠም።

ሰኞ ልጇ ከሄደች በኋላ ባንቺአምላክ ቤት መቀመጥ አቃታት። አሮጌዋን ብሎን ይዛ ዱካሞ ጋ ሄደች።

"ቀዳዳዋን ሳይነካ ጥርሷን ብቻ ያድስልኝ። መጠባበቂያ ትሆናለች።"

"ያገኘውን ጉዳት ሁሉ ነው የሚያርመው፣ እትዬ። ምርጫ የለውም።"

"ጉዳት አይደለም በለው። የሰው ሥራ ነው በለው።"

ዱካሞ ጻፈለት። መስኮቱ ጥያቄ አወጣ፤

*ሁለቱን በምን ልለያቸው?*

ዱካሞ ወደ እሷ ዞረ። ባንቺአምላክ አሰበች። እሷም ትናንት ፀሐይ ላይ እስክታነሣት ድረስ አልለየችም ነበር።

"ባለቤቱን ይጠይቅ" አለች።

ከዚያን ቀን ወዲህ አዋላጁ ምንም ነገር ከማረሙ በፊት ይጠይቃል፤ *ይህ ጉዳት ነው ወይስ ሥራ?* ሰልፉ ረዘመ። ሰው መጀመሪያ አጉረመረመ። ቆይቶ ግን እጀታው በሽቦ የታሰረ ድስት የያዙ አንዲት ሴት ሽቦውን ማን እንዳሰረው ሲናገሩ ከኋላቸው ያሉት ተጠግተው አዳመጡ።

ባንቺአምላክ ማክሰኞም ረቡዕም መጥታ እዚያ ተቀመጠች። ከጥላው ወሬ አይመጣም። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከጥላው ጫፍ የተመለሰች አንዲት መኪና፣ ሰው ሳይኖርባት፣ የአዋላጁ ደጅ ላይ መጥታ ቆመች። ወንበሯ ላይ፣ ከተራራው የወረደ መንገደኛ የጫነባት የማስተዋል የክትባት ሳጥን ነበር። ባንቺአምላክ ከፈተችው። ክትባት የለበትም። አንዲት ወረቀት ብቻ የጆንያ መርፌው ተሰክቶባት ተቀምጣለች። ወደ ብርሃኑ ይዛ፣ ቃል በቃል፣ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

"እማ፣ አንድም ሳይበላሽ ደርሷል። ዳገቱ ላይ አንዴ ቆሞብኝ ነበር፤ ቀዳዳዋ ውስጥ ቆሻሻ ገብቶ ኖሯል። በመርፌሽ ስጠርጋት ጫፏን ትንሽ ጫርኩት። አዋላጁ ጉዳት ነው ካለ፣ የእኔ ነው በሉት።"